አሮጌው መኪና ሲወገድ ወረቀቱስ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዕድሜውን ጨርሶ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ስለሚለወጥ መኪና ናቸው። የቅጾቹ ስምና የመሥሪያ ቤቶቹ ደንብ ከአገር አገር ይለያያል። የአሠራሩ መሠረት ግን በየትም ቦታ ተቀራራቢ ስለሆነ መልሶቼ በእሱ ላይ ያተኩራሉ።

«መኪናዬን ከነሊብሬውና ከነሰሌዳው ለብረት ገዢ አስረክቤ ገንዘቤን ተቀብያለሁ። ከወራት በኋላ ግን ዓመታዊ ግብር ክፈል የሚል ማስታወሻ በስሜ መጣ። የሌለ መኪና እንዴት ግብር ይጠየቅበታል?»

ግብሩ የተጠየቀው ምዝገባው ስላልተሰረዘ ነው። መዝገቡን የያዘው መሥሪያ ቤት መኪናው መቆረጡን የሚያውቀው አንድ ሰው በወረቀት ሲያሳውቀው ብቻ ነው። ሰነዱን ለገዢ መስጠትና ለመንግሥት ማሳወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ቅን ሰዎች የሚጎዱትም ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚቆጥሩ ነው።

ከግብሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሰሌዳዎ ነው። ያ ሰሌዳ በሌላ መኪና ላይ ታስሮ የትራፊክ ደንብ ቢጣስበት ቅጣቱ ለእርስዎ ይላካል። ሰው ገጭቶ ቢያመልጥ ደግሞ ፖሊስ አስቀድሞ የሚፈልገው እርስዎን ነው፤ መኪናው በእጅዎ እንዳልነበረ የማስረዳቱ ጣጣም በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳይሉ ገዢውን ፈልገው ያግኙ። የርክክቡ ቀን፣ የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር እንዲሁም የሁለታችሁ ፊርማ ያለበት ጽሑፍ ይቀበሉት። ሰሌዳው ገና በእጁ ከሆነ ያስመልሱና ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ያስረክቡ። ከዚያም የስረዛ ማመልከቻ አስገብተው፣ ግብሩ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ እንዲቆምልዎ በዚያው ማመልከቻ ላይ ይጠይቁ። ገዢው ከጠፋ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ ገንዘቡን በባንክ ተቀብለው ከሆነ የባንኩ መግለጫ ጥሩ ማስረጃ ይሆንልዎታል።

ገና ያላስረከባችሁ አንባቢዎች ደግሞ ቅደም ተከተሉን እባካችሁ አታዛንፉት። መጀመሪያ ፈቃድ ያለው አስወጋጅ ድርጅት ፈልጉ፤ ከዚያ መኪናውን አስረክባችሁ የማስወገጃ ምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ በመጨረሻም በዚያ ወረቀት ምዝገባውን አሰርዙ። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ይህንኑ ሥርዓት ግዴታ አድርጎታል፤ ለሚወገድ መኪና የማስወገጃ ምስክር ወረቀት ካልቀረበ ስረዛ የለም። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት አገርም ቢሆን ይህን መንገድ የተከተለ ሰው ብዙ አይቸገርም።

«ሊብሬው ጠፍቶብኛል። መኪናው እንደሆነ ለቁርጥራጭ ብረት የሚሄድ ነው፤ የግድ ምትክ ማውጣት አለብኝ?»

በብዙ ቦታ፣ አዎ። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ከፖሊስ የጠፋ ዕቃ ማስረጃና በፊርማ ከተረጋገጠ መግለጫ ጋር ስረዛውን በቀጥታ ስለሚፈጽሙ፣ ለምትክ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ይጠይቁ። ያለ ሰነድ እወስዳለሁ የሚል ገዢ ቢመጣ ግን እምቢ ይበሉ።

«መኪናው የሟች አባታችን ነው። ወንድሞቼ ሽጠው ይላሉ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን የአባታችን ስም ነው።»

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። የወንድሞችዎ ስምምነት በቤተሰብ መካከል በቂ ሊሆን ይችላል፤ መዝጋቢው ግን የሚቀበለው የወራሽነት ማስረጃን ነው። ወራሾቹ ከተረጋገጡ በኋላ ሁሉም ለአንዳችሁ ውክልና ቢሰጡ ሥራው በጣም ይቀላል። ውክልናው ላይ «መሸጥ» የሚለው ቃል ብቻ እንዳይሰፍር አደራ እላለሁ፤ መኪናውን ማስወገድና ምዝገባውን ማሰረዝ በግልጽ ይጻፍበት። የአባታችሁን ፊርማ አስመስሎ መፈረም አጭር መንገድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው፤ ለአሮጌ ብረት ተብሎ ወንጀል ውስጥ አይገባም።

«ከማስረከቤ በፊት ሞተሩን አውጥቼ ለብቻው ብሸጠው ችግር አለው?»

ሊኖረው ይችላል። ሞተሩ የራሱ ቁጥር አለው፤ በብዙ አገር ያ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተመዝግቧል። ለብቻው ከሸጡት የሞተሩን ቁጥር የያዘ ደረሰኝ ይጻፉ፤ ስረዛውን ሲጠይቁም ሞተሩ ተለይቶ መሸጡን ያሳውቁ። አስወጋጁ ድርጅት ደግሞ የጎደለ መኪና ሲቀርብለት ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የአውሮፓ መመሪያም ሞተሩ ወይም አካሉ የጎደለ መኪና በነጻ እንዲረከቡ አያስገድድም።

የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ብረት ግን በምንም ዋጋ ለማንም አይስጡ። የተሰረቀ መኪና ሕጋዊ መስሎ ወደ ገበያ ከሚመለስባቸው መንገዶች አንዱ የተወገደ መኪና ቁጥር ሲበየድበት ነው። መዝገብዎ ካልተሰረዘ፣ የሌባው መኪና በእርስዎ ስም ይነዳል ማለት ነው።

ስለ ቁጥሩ ካነሳን፣ ማመልከቻውን ከመሙላትዎ በፊት ሊብሬው ላይ ያለውን መኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ በስፋት የተለመደው ባለ 17 ምልክት ቁጥር ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታታ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉትን የላቲን ፊደላት አይጠቀምም። እንዲህ ባለ ቁጥር መካከል «ኦ» ተጽፎ ካገኙ የጸሐፊ ስህተት ነውና አስቀድመው ያስተካክሉት። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ግን አጠር ያለ የሻንሲ ቁጥር ስላላቸው፣ ከ17 ማነሱን ብቻ አይተው አይደንግጡ።

«የባንክ ብድሩ አላለቀም፤ መኪናው ግን በአደጋ ከጥቅም ውጭ ሆኗል።»

ባንኩ ለብድሩ ሲል በመኪናው ላይ ያስያዘውን እገዳ እስኪያነሳ ድረስ ስረዛው አይፈጸምልዎትም። የመድን ድርጅቱ ሙሉ ካሳ ከከፈለ ብዙውን ጊዜ ዕዳው የሚቀነሰው ከዚያ ነው፤ ስባሪውም የድርጅቱ ይሆናል። የካሳ ስምምነቱን ከመፈረምዎ በፊት አንድ ነገር በጽሑፍ ያስገቡ፤ ምዝገባውን የሚያሰርዘው ማን ነው? ድርጅቱ ስባሪውን ለሌላ ሸጦ መዝገቡ በእርስዎ ስም ከቀረ፣ የመጀመሪያው ጠያቂ የገጠማቸው ሁሉ እርስዎንም ይጠብቅዎታል።

«መድኑን መቼ ላቋርጥ?»

መኪናው ተጭኖ ከግቢዎ ከወጣና የርክክብ ወረቀቱን ከያዙ በኋላ። ያልተጠቀሙበት ጊዜ ካለ የአረቦን ተመላሽ ይጠይቁ፤ ለዚህም የስረዛ ማስረጃውን ቅጂ እንጂ ዋናውን አይስጡ።