የአርቴሚዥያ ሻይ ለወባ ይሆናል ወይ?

ወንድሜ፣ «የወባ መድኃኒቱ ኳርተም ከቻይናው አርቴሚዥያ ከተሠራ፣ ቅጠሉን አፍልቼ ብጠጣው ለወባ አይሆነኝም?» ብለሃል። አይሆንህም።

መድኃኒቱ ከዚያ ቅጠል መምጣቱስ እውነት ነው። ቻይናዎቹ ቺንግሃኦ ይሉታል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጌ ሆንግ የተባለ ሐኪም ለትኩሳት ሲያዘው ግን አፍሉት አላለም። በውሃ ነክራችሁ ጭመቁት ነው ያለው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ይህን ስታነብ ሙቀቱ ሳያበላሸው አይቀርም ብላ ጠረጠረች። ኤተር በሚባል ፈሳሽ፣ በዝቅተኛ ሙቀት መድኃኒቱን አወጣችው፤ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ያስገኘላት ይኸው ሥራ ነው።

የሻዩ ችግር መጠኑ ነው። አርቴሚሲኒን የሚባለው የቅጠሉ ፈዋሽ ንጥረ ነገር በውሃ ብዙም አይሟሟም፣ መጠኑም ከተክል ተክል ይለያያል። አንሶ ከተወሰደ ትኩሳቱ በረድ ይላል፣ የወባው ተሕዋሲ ግን ይተርፋል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ሻዩን አይመክርም። ኳርተም ውስጥ ሉሜፋንትሪን የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ፤ የተረፈውን የሚጨርሰው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ የኛ አሪቲም የዚሁ ተክል ዘመድ ነው። ዘመድ ነው ተብሎ ግን ለወባ አይታመንም።

ትኩሳት ካለህ ዛሬውኑ ተመርመር። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው።