መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ሲስተሙ ግን «የለም» ይላል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ የአይሲቲ ሠራተኛ ነኝ። የምንጠቀመው ሶፍትዌር ኮሃ ነው። ከተጫነ ስምንት ዓመት ሆነው፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም። አሁን ተማሪዎች በአማርኛ ርዕስ ሲፈልጉ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ «የለም» ይላቸዋል። አለቆቼ «አርጅቷል፣ ተመራቂ ተማሪዎች ከባዶ አዲስ ሲስተም ይሥሩልን፣ ለፕሮጀክትም ይሆናቸዋል» እያሉ ነው። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከባዶ የሚለውን ተወው። ተማሪዎቹ ጎበዞች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ችግሩ እሱ አይደለም። ተመርቀው ይሄዳሉ። በዓመቱ መስከረም ላይ ውሰትና መመለሻው ሲምታታ ማን ጋ ነው የምትደውለው? ኮሃ ግን ባለቤቱ ብዙ ነው። የተጀመረው በ1999 እ.ኤ.አ. ኒውዚላንድ ውስጥ ነው፣ አንድ የአካባቢ ላይብረሪ የድሮ ሲስተሙ የ2000ን መግቢያ እንደማይሻገር ሲያውቅ ያሠራው። ሥራ የጀመረውም በጃንዋሪ 2000 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቀናት ነው። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ «ስጦታ» ማለት ሲሆን፣ እንደ ስሙም በነፃ ተለቀቀ። ዛሬም በየስድስት ወሩ፣ በግንቦትና በኅዳር ግድም፣ አዲስ እትም ይወጣለታል። ያረጀው እንግዲህ ኮሃ አይደለም፣ የእናንተ ቅጂ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል ውሰድ። «ሥ»ን በሁለት ዓይነት መጻፍ ይቻላል፣ «ጽ»ንም በሁለት፣ «ሑ»ን ደግሞ በሦስት። ሲባዛ አሥራ ሁለት ነው፣ ቃሉን ገጥሞ የሚጽፈው ሰው ሲጨመር ሃያ አራት! ካታሎግ የሠራችው ልጅ አንዱን መርጣለች፣ ተማሪው ሌላውን ይጽፋል። ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለቱ አይተዋወቁም።

መፍትሔው መዝገቡን መነካካት አይደለም። ርዕሱ በመጽሐፉ ላይ እንዳለ ይቆይ፣ ደራሲው በ«ሠ» ከጻፈ በ«ሠ»። የሚስተካከለው የፍለጋው ማውጫ ነው፣ ኮምፒውተሩ ቃሉን የሚፈልግበት ዝርዝር ማለቴ ነው። ኮሃ ዜብራ የሚባለውን የፍለጋ ሞተር የሚጠቀም ከሆነ፣ መጀመሪያ ማውጫው በአይሲዩ (የተለያዩ ቋንቋዎችን ፊደል በሚያውቀው አሠራር) መሆኑን አረጋግጥ። የድሮው ሲኤችአር አሠራር ከላቲን ውጪ ላለ ፊደል አይመችም። ከዚያ በአይሲዩ ሕግ ፋይሉ ላይ «ሐ»ንና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» የሚመልስ መስመር ትጨምራለህ። ሰባቱንም ቤት አትርሳ፣ «ሑ»ን፣ «ሒ»ን እያልክ። ሌላው የኮሃ የፍለጋ ሞተር፣ ኢላስቲክሰርችም፣ ተመሳሳይ ነገር አለው። ስትጨርስ ማውጫውን እንዳለ እንደገና ታስገነባዋለህ። የተማሪውም ፍለጋ በዚያው ሕግ ስለሚያልፍ ሁለቱ ይገናኛሉ። ይቺን ለተመራቂዎቹ ፕሮጀክት አድርገህ ስጣቸው፣ ይቺ እንኳ ታኮራለች።

አንድ የምፈራልህ ነገር አለ። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የምንጽፈው የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ግዕዝ በተሳለባቸው ፎንቶች ነበር። ፎንቱ ሲነሳ ጽሑፉ ዝብርቅርቁ የወጣ ምልክት ይሆናል። መዝገባችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ካለ አትደንግጥ፣ አትሰርዘውም። የትኛው ፎንት እንደነበር ከታወቀ በመቀየሪያ ይመለሳል። ጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮ ካየህ ግን ሌላ ነው። ዳታቤዙ ፊደላችንን ሳይችል ተቀብሎ ጥሎታል ማለት ነው፣ ያ አይመለስም። ያለው አማራጭ መደርደሪያው ጋ ሄዶ መጽሐፉን ማንሳትና እንደገና መጻፍ ነው። ስለዚህ ወደ አዲሱ እትም ስትሻገር በመጀመሪያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክር። ባክአፑን እዚያ መልሰህ ክፈተው፣ አማርኛ ያላቸውን መቶ ያህል መዝገቦች በዓይንህ እይ። ተመልሶ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም፣ እዚያው ሰርቨር ላይ የተቀመጠውማ ጭራሽ። ደግሞ እባክህ በምዝገባ ሳምንት አትጀምረው።

ጥያቄ፦ ካታሎግ ክፍል ነኝ። በ1998 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ሳስገባ ሲስተሙ የሃያኛው ክፍለ ዘመን አድርጎ ይደረድረዋል። ደራሲዎቻችንንም «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን ምክንያት በአባታቸው ስም የሚያስገቡ ባልደረቦች አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ለዓመቱ ሁለት ቦታ አለሽ። በመዝገቡ 264 መስክ (የኅትመት መረጃው) ላይ መጽሐፉ እንደሚለው «1998 ዓ.ም.» ብለሽ አጠገቡ በቅንፍ 2005 ወይም 2006 ጻፊ። 008 መስክ (በኮድ የሚሞላው) ላይ ግን የፈረንጁ ዓመት ብቻ ይግባ፣ ሲስተሙ የሚደረድረው በሱ ነው። ስሙን በተመለከተ ባልደረቦችሽ ተሳስተዋል። ደራሲው ከበደ አየለ ቢባል፣ ከበደ የአየለ ልጅ እንጂ አየለ የሚባል ቤተሰብ አባል አይደለም፣ ስለዚህ ቀድሞ የሚገባው የራሱ ስም ነው። አንዱ በአባት፣ አንዱ በራሱ ስም ካስገባችሁ የአንድ ሰው መጻሕፍት ለሁለት ይከፈላሉ።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ጽሑፌ ዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ጽሑፎችን ኦንላይን በሚያስቀምጥበት ሶፍትዌር፣ ዲስፔስ ላይ አለ። ሊንኩን ሲቪዬ ላይ አስገብቼው ነበር። «አፕግሬድ ተደረገ» ከተባለ ወዲህ አይከፍትም። ጽሑፌ ጠፍቶ ይሆን?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይጠፋም። ከብሮውዘሩ የአድራሻ መስመር ቀድተሽው ይሆናል። ዲስፔስ 7 በ2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የድሮዎቹን ሁለት ገጽታዎች አስወጥቷቸዋል፣ አድራሻዎቹም አብረው ተቀየሩ። በርዕሱ ፈልጊው። ስታገኚው ገጹ ላይ «ሃንድል» የሚባል ቋሚ አድራሻ አለ፣ ሲቪሽ ላይ እሱን አስገቢ። ግን ቁጥሩን እዪው። በ123456789 የሚጀምር ከሆነ ሲጫን አብሮ የመጣው የሙከራ ቁጥር ነው፣ ላይብረሪው የራሱን አላስመዘገበም። እንዲህ ያለው ቋሚ አድራሻ ከዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ውጪ የትም አያደርስሽም። ያኔ ላይብረሪው ሄደሽ ቁጥር እንዲያስመዘግቡ ጠይቂያቸው።