«በሩ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ»

ባለፈው እሑድ ከሰዓት የጎረቤታችን ልጅ እጮኛውን ይዞ ቤታችን መጣ። ሰርጋቸው ከፋሲካ በኋላ ነው። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ቶናውን እየቀዳች ነበር። ልጁ ሲኒውን ተቀበለና ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ መቼም እርስዎ ያልረገጡት አገር የለም። ለጫጉላ የት ብንሄድ ጥሩ ነው?»

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። ጀበናዋን ማቶቱ ላይ አሳረፈችና «አርባ ምንጭ ሂዱ» አለች። «እኔ በሩ ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ።»

ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። እሷም ፈገግ ብላ ፈንዲሻውን አቀረበችላቸው። እኔ ግን ቡናው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ነገሩ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን አንስታው አታውቅም። እኔ የረሳችው መስሎኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለእነዚያ ልጆችና ለእኩዮቻቸው ነው።

በሙያዬ ኦዲተር ነበርኩ። መቀመጫዬ ሐዋሳ ነው፤ ሥራዬ ግን መንገድ ላይ ነበር። ዲላ፣ ኮንሶ፣ ጂንካ፣ ቦንጋ፣ ሚዛን ተፈሪ። የኮንሶን እርከን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመመዝገቡ ከብዙ ዓመት በፊት አይቼዋለሁ። ዶርዜ ላይ ከቀርከሃ የተሠራው ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ቆጮ በዳጣ በልቻለሁ። አገሩን ሁሉ ያየሁት በውሎ አበል ነው። ባለቤቴ ቤት ሆና ልጆች ታሳድጋለች፣ ጠዋት ጠዋት ታስተምራለች። ስመለስ ያየሁትን እነግራታለሁ። እሷም ቁጭ ብላ ትሰማኛለች። መንገሩ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. አራተኛ ክፍል ታስተምር ነበር። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ከላይ ወደ ታች ትደረድራቸዋለች። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ። ከሐዋሳ ወዲያ ያሉትን ግን አይታ አታውቅም። አንድ ቀን አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አባያ ቀይ ነው ይባላል፤ አይተውታል?» ይላታል። ማታ እራት ላይ ነገረችኝ። «አላየሁትም አልኩት» አለችኝ። እንዳፈረች ያስታውቅባት ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ አርባ ምንጭ ለአራት ቀን ሥራ ታዘዝኩ። እሷም የግማሽ ዓመት እረፍት ላይ ናት። «አብረን እንሂድ» አልኳት። ልጆቹን እህቷ ዘንድ ተውናቸው። ገበያ ወጥታ ነጭ ሸራ ጫማ ገዛች፤ ለከተማው ስሙን ወደሰጡት አርባ ምንጮች ቁልቁል በእግር ይወረዳል ብዬ ነግሬያት ስለነበር። አንድ የዘይት ጠርሙስም በሙቅ ውሃ ደጋግማ አጥባ፣ ክዳኑን አጥብቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከምንጩ ቀድታ ለተማሪዎቿ ልታሳይ ነው።

ሻሸመኔን አልፈን አጄ ስንደርስ የሰንቀሌን ታፔላ አየች። ቆርኬ የሚባለው ቀንዳም የዱር እንስሳ መጠለያ ነው። የስዋይን ቆርኬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር የለም። ሾፌሩ «ከዋናው መንገድ ብዙ አያስገባም፤ ጠጋ ልበልላችሁ?» አለ። ሰዓቴን አየሁና «ስንመለስ» አልኩ። አላባ ላይ የብላቴን ድልድይ ስንሻገር፣ አባያ ገብቶ ከሚያቀሉት ወንዞች አንዱ እሱ መሆኑን ነገርኳት። አፈሩን ከደጋ ጠርጎ ነው የሚወርደው። ሾፌሩን አስቆመችና ወርዳ ውሃውን አየችው። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ከዚያ ጉዞ ለተማሪዎቿ በደብተሯ ይዛ የተመለሰችው ነገር ያ ብቻ ነው።

ከሶዶ ወዲያ መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነበር። አቧራ ለብሰን ማታ ገባን። ጠዋት በላይኛው የከተማው ሰፈር በሴቻ፣ አፋፉ ጫፍ ካለው ሆቴል በረንዳ ቆመን ቁልቁል አየን። ከሥር ጥቅጥቅ ያለ ደን። በስተግራ አባያ፣ ቡናማ። በስተቀኝ ጫሞ፣ ሰማያዊ። መሀላቸው ሁለቱን የሚለያቸው መሬት፣ የእግዜር ድልድይ። ጠመኔ የያዘች ይመስል በጣቷ እየጠቆመች ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራች። ምንጮቹ እዚያ ደን ውስጥ ናቸው። «ዛሬ እንወርዳለን?» አለችኝ። «ነገ» አልኳት።

የማጣራው ሒሳብ ላይ 3,140 ብር ጎደለ። ያኔ ብዙ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ያዡ የአራት ልጆች አባት ነበር። ሣጥኑን ሲከፍት እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ስለዚህ ሁለቱ ቀን ሥራ ላይ በመዋሌ ዛሬም አልጸጸትም። የሰው እንጀራ ነው። በሦስተኛው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሰነድ ስገልጥ ሁለት ደረሰኝ ተጣብቆ አገኘሁ። በጥፍሬ ለየሁት። ጉድለት የተባለው ገንዘብ እዚያ ነበር። ሰውየው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

የሚቆጨኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሥራው አልቋል። ስምንት ሰዓት ነው። እሷ ከጠዋት ጀምሮ ጫማዋን አድርጋ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ግን «ምሳ ሳይበሉ አይሄዱም» አሉ። አሳ ቀረበ፣ ቢራ ተከፈተ፣ ጨዋታ ደራ። ሁሉም ያመሰግነኛል፣ ያከብረኛል። ደስ አለኝ። ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሁለት ሆነ፤ ሁለት ሦስት ሆነ። ያስቀረኝ ሥራ አይደለም። ምሳ ነው። ይህንን ለእሷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ይህን ስታነብ ታውቀዋለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደተቀመጠች ናት። «እንፍጠን» አልኳት። ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ ወርደን፣ ምንጮቹ ያሉበት የነጭ ሣር ፓርክ በር ላይ ስንደርስ አሥራ አንድ ተኩል አልፏል። ጥበቃው ቀና ሰው ነበር። «ጌታዬ፣ ሰዓት አልፏል፤ አሁን አውሬ የሚወጣበት ነው። ነገ በጠዋት ኑ» አለን። ነገ በጠዋት መኪናው ሐዋሳ ይፈለጋል። እሷ ከመኪናው ወርዳ በሩ አጠገብ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ቆመች። ወደ ውስጥ የሚገባውን መንገድ ለጥቂት ደቂቃ አየችው። ከዚያ ተመልሳ ገባችና የመኪናውን በር ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ስንመለስ አጄ ላይ ሾፌሩ ፍጥነት ቀነሰ። በመስታወቱ አየኝ። «ንዳው» አልኩት። እሷ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ተኝታ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ሰኞ ትምህርት ሲከፈት ያ ልጅ ጠየቃት አሉ። «ከሩቅ አይቼዋለሁ፣ አልደረስኩበትም» አለችው። ጠርሙሱ ዘይት ተመልሶበት ወጥ ቤት ገባ። ሸራ ጫማው ላይ አንዲት የጭቃ ጠብታ አልነበረችም። ለታናሽ እህቷ ሰጠቻት።

ከዚያ በኋላ ለምን አልሄዳችሁም ትሉ ይሆናል። በልቤ ከርሞ እንሄዳለን እያልኩ ነው። ቤት መሥራት መጣ። የልጆች ትምህርት መጣ። ከዚያ ጉልበቷ መጣ። አሁን ደረጃ ሲያይ የሚያማት ጉልበት አላት።

አባቴና እናቴ ናዝሬት ነበር የሚኖሩት። ዛሬ አዳማ የምትሉት ከተማ ማለቴ ነው። አባቴ ሱቅ ነበረው። ሽርሽር የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ግን ስለት ነበረበትና አንድ ታኅሣሥ እናቴን ይዞ ቁልቢ ገብርኤል ሄደ። በጭነት መኪና ላይ፣ ከእህል ጆንያ መሀል ተቀምጠው። አዋሽ ላይ አረፉ፣ አሰበ ተፈሪ ላይ አደሩ። ብርዱ ሲበረታ አባቴ ጋቢውን ለሁለት እንዳለበሳት እናቴ እስክትሞት አወራችው። ስለ ንግሡ ብዙም አትናገርም። የምታወራው ስለ ጋቢው ነው። የድሮ ሰው ፍቅር አያውቅም የሚለውን ወሬ የማልቀበለው ለዚህ ነው። ስለት በሚል ስም ለሁለት አገር ያዩ ነበር።

የዛሬ ወጣቶችን ሳይ አንዳንዱ ነገር አይገባኝም። ለሰርግ አንድ ቀን ድግስ ብድር ውስጥ ይገባሉ። ለሁለት ሰው ጉዞ ሲሆን ግን «ብር የለም» ይላሉ። የሄዱትም ቢሆን ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ ቆመው ጀርባቸውን ለሐይቁ ይሰጣሉ፤ ፊታቸው ስልኩ ላይ ነው። ፀሐይ ከበስተኋላቸው ትጠልቃለች። ባልየው ሃያ ፎቶ ያነሳል፣ ሚስትየው አሥራ ዘጠኙን ታጠፋለች። ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱት እላለሁ። መልሼ ደግሞ አስባለሁ። ከአርባ ምንጩ ጉዞ አንድም ፎቶ የለንም። ያቺን በረንዳ ላይ በጣቷ ስትጠቁም የነበረችውን ሴት አንድ ጊዜ ባየኋት ብዬ ስንት ቀን ተመኝቻለሁ። እንግዲህ አንድ ሁለት አንሱ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም። በጀት እንዴት እንደሚያዝ ስልካችሁ ከእኔ በተሻለ ይነግራችኋል። ተበድራችሁ አትሂዱ ግን። በሙያዬ ብድር የበላቸውን ብዙ ሰዎች አይቻለሁ።

የሐዋሳ ልጆች ከሆናችሁ ከቅርቡ ጀምሩ። ታቦር ተራራ ሥር ተወልዶ ታቦር ላይ ያልወጣ ስንት ሰው አለ! ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ውጡ። ሐይቁ ከነዳርቻው ይታያል። ከዚያ ወርዳችሁ ወደ አሳ ገበያው፣ አሞራ ገደል ሂዱ። ጀልባዎቹ ሲገቡ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ የአሳ ሾርባውንም እዚያው ጠጡ። ወንዶ ገነት ፍል ውሃ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለዓመታት በመኪና መስኮት ሳየው የኖርኩትን ከባለቤቴ ጋር የገባሁበት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። እግሯን ፍል ውሃው ውስጥ ከታ አንድ ሰዓት ያህል ዝም ብላ ተቀመጠች። እኔም ዝም አልኩ። በትዳር ዘመናችን ከዋልናቸው ጥሩ ቀኖች አንዱ ነበር።

ራቅ ማለት ለሚፈልግ ባሌ አለ። ሳነቲ የሚባለው አምባ ላይ ስትወጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ትንፋሽ ያጥራል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ቀይ ቀበሮ ግን በጠራራ ፀሐይ አይጥ ስታድን ታያላችሁ። እኔ ለስልጠና ሄጄ ነው ያየሁት። አብሮኝ ለነበረው ሰው «አየሃት? አየሃት?» አልኩት። እሱ እንቅልፍ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ነው ባለቤቴ በጣም የናፈቀችኝ። ጋቢ ያዙ፤ አንድ ይበቃል።

ለዚያ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር ልንገረው። ሙሽራህን ይዘህ ስትሄድ ሥራ ይዘህ አትሂድ። ላፕቶፑን ቤት ተወው። ሥራ ክቡር ነው፤ የሦስት ቀን ሥራዬ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ አትርፏል፣ አልክድም። ግን ስምንት ሰዓት ላይ ሥራው ሲያልቅ ተነስተህ ሂድ። ምሳ የሚጋብዝህ ሰው አይጠፋም። በረንዳው ላይ ጫማዋን አድርጋ የምትጠብቅህ ግን አንዲት ናት። ስለ ብድር ከላይ ያልኩትንም እንደገና ሳስበው፣ እኔ ያኔ ተበድሬም ቢሆን አንድ ቀን ጨምሬ ማደር ነበረብኝ። መኪናው ይሂድ፣ እኛ በአውቶቡስ እንመለሳለን ማለት ነበረብኝ። ያን ቃል ማን ከለከለኝ? ማንም።

እሑድ ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሲኒዎቹን አብሬያት አጠብኩ። ይህን አዘውትሬ አላደርገውም፣ ስለዚህ ገብቷታል። «ጥር ላይ አርባ ምንጭ እንሂድ» አልኳት። ከሐዋሳ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። ምንጮቹ ጋ ቁልቁል እንደሚወረድ አውቃለሁ። «ቀስ እያልን እንወርዳለን፤ ካቃተሽ እየተቀመጥን» አልኳት።

ሲኒውን ገልብጣ ረከቦቱ ላይ ደረደረች። ጨርቁን አለበሰችው። ከዚያ እጇን እየጠረገች «እሺ» አለች። «መጀመሪያ ግን ቆርኬዎቹን አሳየኝ።»