ቨርችዋል ማሽኑን ከማጥፋትሽ በፊት

ሰላም እህቴ። ላፕቶፕሽ ዊንዶውስ 11 ነው። ቨርችዋልቦክስ (ኮምፒውተርሽ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርችዋል ማሽን የሚፈጥር ፕሮግራም) ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሲስተም ጭነሽ ስትሠሪበት ቆይተሽ፣ ዊንዶውሱ አፕዴት ከተደረገ ወዲህ "ቪቲ-ኤክስ የለም" እያለ አልነሳ አለሽ። ቪቲ-ኤክስ ፕሮሰሰሩ ቨርችዋል ማሽን ለማስኬድ ያለው ችሎታ ነው። አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጫነው ወይ ነው ጥያቄሽ።

ኧረ አታጥፊው! ውስጡ ያለው ሥራሽ አብሮ ይሄዳል። ደግሞም በዚህ መልእክት የተበላሸው ኡቡንቱው አይደለም። እንደ አዲስ ብትጭኚውም ያው መልእክት ይጠብቅሻል።

መጀመሪያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይከፈትልሻል። ፐርፎርማንስ፣ ቀጥሎ ሲፒዩ ውስጥ ግቢ። ከታች በኩል "ቨርችዋላይዜሽን" የሚል አለ። "ዲስኤብልድ" (ጠፍቷል) ካለ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ሴቲንግ) ገብተሽ ማብራት ነው። ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ያስገባሻል። ፕሮሰሰርሽ ኤኤምዲ ከሆነ አማራጩን "ኤስቪኤም" በሚል ስም ታገኚዋለሽ። ባዮስ ከመንካትሽ በፊት ግን ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) መብራቱን እዪ። ከበራ ባለ 48 አሃዙን ሪከቨሪ ኪ ሌላ ቦታ ጻፊው። አለዚያ የራስሽ ላፕቶፕ ሊዘጋብሽ ይችላል።

እስከ ትናንት ይሠራ ስለነበር ግን እኔ የምጠረጥረው ሃይፐር-ቪን ነው። ይህ የማይክሮሶፍት የራሱ ቨርችዋላይዜሽን ነው። ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይነሳና የፕሮሰሰሩን ቪቲ-ኤክስ ቀድሞ ይይዘዋል። ቨርችዋልቦክስ ሲመጣ ቦታው ተይዟል። አንቺ ሳታበሪውም ሊበራ ይችላል፤ ዶከር ወይም ደብሊውኤስኤል 2 (ዊንዶውስ ውስጥ የሊኑክስ ፕሮግራሞችን የሚያስኬዱ) ስትጭኚ፣ ወይም "ሜሞሪ ኢንተግሪቲ" የሚባለው መከላከያ ሲበራ ይመጣል።

ቶሎ ብለሽ እሱን ከማጥፋትሽ በፊት ቨርችዋልቦክሱን ወደ አዲሱ ቨርዥን አሳድጊው። ከ6.0 ጀምሮ በሃይፐር-ቪ ላይ ተቀምጦ መሥራት ይችላል፤ አዲሶቹ ደግሞ ይሻላሉ። ማሽኑ ተነስቶ ከመስኮቱ ግርጌ የኤሊ ምልክት ካየሽ በዚያ መንገድ እየሄደ ነው ማለት ነው። ኤሊ ያደረጉት በምክንያት ነው፣ ይንቀረፈፋል። ለትምህርት ሥራ ግን እኔ ብሆን እችለዋለሁ።

ካልቻልሽው "ተርን ዊንዶውስ ፊቸርስ ኦን ኦር ኦፍ" ብለሽ ፈልጊ። ሃይፐር-ቪ፣ ቨርችዋል ማሽን ፕላትፎርም እና ዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም ላይ ያለውን ምልክት አንሺ። ቀጥሎ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ፣ ዲቫይስ ሴኩሪቲ፣ ኮር አይሶሌሽን ገብተሽ ሜሞሪ ኢንተግሪቲን አጥፊ። ስትጨርሺ ሪስታርት በዪ፤ ሻት ዳውን አይደለም። ፋስት ስታርታፕ ካለ ሻት ዳውን ሲስተሙን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም። ዋጋ እንዳለውም እወቂ፦ ዶከርና ደብሊውኤስኤል 2 ይቆማሉ፣ የላፕቶፕሽ ጥበቃም ይቀንሳል። ከየትኛውም ሰው የመጣ ፍላሽ የምትሰኪ ከሆነ ይህን እርምጃ አልመክርሽም።

መልእክቱ ሌላ ለሆነባችሁ ደግሞ ባጭሩ። ማሽኑ "ሴቭድ" ላይ ቆሞ እምቢ ካለ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ "ዲስካርድ ሴቭድ ስቴት" በሉት። ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል እንጂ ዲስኩ አይነካም። ሲ ድራይቭ ሞልቶም ሊሆን ይችላል፣ እዩት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ መብራት ድርግም ብሎ ከዚያ ወዲህ "ኢንአክሰሲብል" ካለ ደግሞ የማሽኑን ፎልደር ክፈቱ። መጨረሻው "ቪቦክስ" የሚለው ፋይል ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ "ቪቦክስ-ፕሬቭ" የሚል የቀድሞው ቅጂ አለ። ሙሉ ፎልደሩን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ የባዶውን ስም ቀይራችሁ ቅጂውን በቦታው ተኩት።

እህቴ፣ ይህን ሁሉ ሞክረሽ እምቢ ካለ ማሽኑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና "ሾው ሎግ" በዪ። የስህተቱን መስኮት ብቻ ሳይሆን ሎጉን (ማሽኑ ሲነሳ የሆነው የተመዘገበበትን ፋይል) ሙሉውን ለጥፊልን፤ ሃይፐር-ቪ መኖር አለመኖሩ እዚያ ላይ ይታያል።