«እናቴ፣ ከጭብጡ አይውጡ»

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ አንድ ወጣት፣ «አባትነት ካልተካደ በሞግዚትነት፣ ማለትም ልጁን ማን ይያዝ በሚል ክርክር ሌላ ምን የሚጣራ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዕለቱ መልስ አልሰጠሁትም። ይህን የምጽፈው ለእርሱና ነገ በወንበሩ ላይ ለምትቀመጡ ለእኩዮቹ ነው።

በ1996 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበርሁ። እናቱ የሞተችበትን የስድስት ዓመት ልጅ አባቱ ይሰጠኝ ብሎ ከሰሰ። ሰውየው ልጁ ገና ሳይድህ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ፣ እዚያው ከርሞ፣ ሌላ ሚስት አግብቶ የተመለሰ ነበር። ተከሳሿ ልጁን ያሳደጉት የእናቱ እናት ናቸው። ራፖር ጸሐፊው ያዘጋጀላቸው መልስ በአንቀጽ ብዛት የተሞላ ሆኖ ሳለ ስለ ልጁ ግን አንድም መስመር አልነበረውም። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አደግድገው ቆሙና፣ «ጌታዬ፣ ይህ ልጅ ሌሊት ይባንናል፤ እጄን ካልያዘ አይተኛም። እርሱ ይህን ያውቃል?» አሉ። እኔም፣ «እናቴ፣ ከጭብጡ አይውጡ» አልኋቸው። ልጁ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አልጠራሁትም። ከእናቱ የሚወርሰው ሦስት ቃዳ መሬት እንዳለ በመዝገቡ ውስጥ ተጽፏል፤ ልጁን የያዘ መሬቱንም እንደሚያርስ የገበሬ ልጅ ሆኜ ሳለሁ አልጠየቅሁም። በሕይወት ያለ ወላጅ ሞግዚት ነው ብዬ ከእሑድ በፊት ልጁን እንዲያስረክቡ ወሰንሁ። የይግባኙ 60 ቀን በአጨዳ ወራት አለፈባቸው።

ሕጉ አልነበረም እንዳልል ነበረ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36፣ ፍርድ ቤት ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ የሕፃኑን ደህንነት በቀደምትነት እንዲያስብ ያዝዛል፤ የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995ም ወጥቶ ነበር። እኔ ግን ሕገ መንግሥቱን ለትልልቅ ጉዳዮች ብቻ የተጻፈ አድርጌ እቆጥረው ነበር። በ2000 ዓ.ም. የበታች ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስሕተት የሚያርመው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 አባትና አክስት በተከራከሩበት ጉዳይ፣ ሕፃኑ ካሳደገችው አክስቱ ጋር እንዲቆይ ሲወስን፣ የራሴን መዝገብ የሚያነብብኝ መሰለኝ።

እናንተ ይህን የመዝገብ ቁጥር በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፤ በስልካችሁም ውስጥ አለ። የሚያሳስበኝ ቁጥሩን ከአንዱ ውሳኔ ወደ ሌላው ስትገለብጡ የልጁን ፊት ሳታዩ መቅረታችሁ ነው። አትቸኩሉ፤ ልጁን ብቻውን አነጋግሩት፤ ጎረቤትን ጠይቁ፤ የማኅበራዊ ሠራተኛ ጥናት የሚገኝ ከሆነ እዘዙ። ደግሞም አታዘግዩ፤ ለአዋቂ አጭር የሆነ ቀጠሮ ለስድስት ዓመት ልጅ ዕድሜ ነው። ሁለቱ እንዴት እንደሚታረቁ እኔም እስከ ጡረታዬ ድረስ አላገኘሁትም። ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔው እንደገና ሊታይ እንደሚችል ግን ለተሸናፊው ወገን በቃል ንገሩት፤ እኔ ለእኒያ እናት አልነገርኋቸውም።

ከውሳኔዬ በዓመቱ በገበያ ቀን ጌሾ ሲሸጡ አገኘኋቸውና፣ አፍሬም ቢሆን፣ ልጁ አሁን ሌሊት ይተኛ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሚዛናቸውን እያስተካከሉ፣ «እኔ በምን አውቄ፣ ጌታዬ» አሉኝ።