ካርዱ ሲግል፦ ከመግዛትዎ በፊት ክዳኑን ይክፈቱ

ጥያቄ፦ ባለ 6 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድ አለኝ። ጌም በጀመርኩ በ10 ደቂቃ 84 ዲግሪ ይደርስና ምስሉ ይቆራረጣል። አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ አይቸኩሉ። ይህ ካርድ ወደ 83 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን በራሱ ይቀንሳል፤ መቆራረጡም ከዚያ የመጣ ይመስላል። የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) የጎን ክዳን ከፍተው ያንኑ ጌም 15 ደቂቃ ያጫውቱ። ሙቀቱ 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ጥፋቱ የካርዱ ሳይሆን የአየር ዝውውሩ ነው፤ ከፊት አንድ ባለ 12 ሴንቲ ሜትር ፋን ይጨምሩ።

ካልወረደ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅለው ካርዱን ያውጡ። አቧራውን በአየር ሲነፉ ፋኑን በጣት ይያዙት፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ ኩሽኔታው ይጎዳል። አሁንም ካልቀዘቀዘ ተርማል ፔስቱ (የካርዱን ቺፕ ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው ብረት የሚያሻግረው ቅባት) ደርቆ ይሆናል። በቺፑ ዙሪያ ያሉትን አራት ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቁ ይፍቱ፤ የፋኑን ገመድ ሳይነቅሉ ሄትሲንኩን (የማቀዝቀዣውን ብረት) አይሳቡ (ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይበጥሰዋል)። አሮጌውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል ጠርገው አዲሱን ስስ አድርገው ይቀቡ። የሜሞሪው ፓድ (ሙቀት አስተላላፊው ለስላሳ ንጣፍ) ከተቀደደ በዚያው ውፍረት ይተኩት፤ ከወፈረ ሄትሲንኩ ቺፑን በደንብ አይነካም።

ከ75 ዲግሪ በታች ሆኖም ጌሙ ከተንቀራፈፈ ግን ካርዱ አቅም አንሶት ሊሆን ይችላል። ያኔ መቀየርን ያስቡ፤ ፓወር ሰፕላይዎ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ክፍል) አዲሱን መሸከሙን አስቀድመው አይተው።