የሕግ ጥያቄና መልስ፦ ሽማግሌ ሲመላለስ የሚያልፍ ሦስት ወር

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት አስተምሬአለሁ። የሁለት ወር ደመወዝ እንዳልተከፈለን ፌስቡክ ላይ ስለጻፍሁ ባለቤቱ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለኝ። ደብዳቤ አልሰጠኝም፤ የጽሑፍ ውልም የለኝም። ሽማግሌዎች ገብተውበታል። የእነሱን ውጤት ልጠብቅ ወይስ ልክሰስ?

መልስ፦ ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱን ግን አያቆዩት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ በተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ሕግ የወሰነው የመክሰሻ ጊዜ በማለፉ፣ ይቀራል። ለደመወዝ ስድስት ወር አለዎት፤ የሚቆጠረውም እያንዳንዱ ደመወዝ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ሽማግሌ ፊት መቀመጥ ይርጋ አያቋርጥም። «ከፋሲካ በኋላ እንነጋገር» ሲባል የሚያልፈው ጊዜ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል፤ ስንት ሠራተኛ ሐቁን ይዞ መብቱን ያጣው በዚህ ነው። ሽማግሌዎቹን አንድ ነገር ይለምኗቸው፦ ባለቤቱ «የሁለት ወር ደመወዝ አልከፈልሁም» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርም። ይህ ለደመወዙ ጥያቄ ይርጋውን ያቋርጣል። ወደ ሥራ ለመመለስ ግን አይበቃም፤ ለእሱ ክሱን ይክፈቱ። ቢታረቁ ክሱን ማንሳት ይቻላል።

የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብት አያሳጣም። ደመወዝ የገባበት የባንክ ስቴትመንት፣ ፊርማዎ ያለበት ሮስተር፣ ባጅና አብረው የሠሩ ምስክሮች ይበቃሉ። አስቸጋሪው በቃል መባረሩ ነው፤ አሠሪው ችሎት ቀርቦ «ራሱ ጠፍቶ ነው» ሊል ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ «በዚህ ቀን እንዳልመጣ ተነግሮኛል፤ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ» የሚል ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ አንዱን ለትምህርት ቤቱ ሰጥተው በሌላው ላይ ማኅተምና ቀን ያስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ።

ስለ ፌስቡኩ፦ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 26 ለማባረር በቂ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን «ደመወዝ አልተከፈለንም» ማለትና «ሌባ ነው» ማለት በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 መሠረት በግል አቤቱታ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል። የፌስቡክ ጽሑፉን ቀኑ እንዲታይ አድርገው በወረቀት አትመው ይያዙት፤ ከዚህ በላይ አይጨምሩበት።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለሱ የሚያገኙትን በ9,000 ብር ደመወዝ እናስላው። የቀን ደመወዝዎ 300 ብር ይሆናል። የ180 ቀን ካሳ 54,000፤ በማስጠንቀቂያ ጊዜ ምትክ የሁለት ወር ደመወዝ 18,000፤ የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት 9,000፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ሲሶ ሲሶው እየታከለ በድምሩ 15,000። ያልተከፈለው ደመወዝ ለብቻው ይጠየቃል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ መንገድ ተዘግቶ ስድስት ቀን ቀረሁ ተብዬ ተባረርሁ። ይቻላል?

መልስ፦ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን መቅረት ብቻ አይበቃም፤ አስቀድሞ ስለ መቅረትዎ በጽሑፍ ሊያስጠነቅቁዎት ይገባ ነበር። መንገዱ መዘጋቱን ከቀበሌ ወይም ከመናኸሪያ ያስጽፉ። ያን ቀን ለአለቃዎ የደወሉበት ወይም መልእክት የላኩበት ስልክ ካለ አያጥፉት።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ፍርድ ቤት በር ላይ አቤቱታ የሚጽፍልኝ ሰው «ችሎት ቆሜ እከራከርልሃለሁ» ብሎ ብር ጠየቀኝ። ልስጠው?

መልስ፦ አይስጡ። ራፖር ጸሐፊ አቤቱታ ይጽፋል፤ ለገንዘብ ችሎት ቆሞ መከራከር ግን የጥብቅና ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው። በክልሉ ፍርድ ቤቶች የሚሠራበትን ፈቃድ የሚሰጠው የአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ ስለሆነ ፈቃዱን አሳየኝ ይበሉት። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልም፤ «ለመዝገብ መክፈቻ» የሚል ሒሳብ ካቀረበልዎት አይክፈሉ። አቅም ከሌለዎት የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ሲሄዱ የሥራ ማስረጃዎን ሁሉ ኮፒ ይያዙ።